የካንሰርን ስርጭትና መንስኤ ለማጥናት የትኛው መንገድ ይሻላል? ምዝገባ፣ ኮሆርት ወይስ ኬዝ ኮንትሮል

ካንሰርን በብዙ ሕዝብ ላይ ለማጥናት ያሰበ ተማሪ አድቫይዘሩ ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ "ሳምፕል ሳይዙ ስንት ይሁን?" ጥያቄው አይከፋም፤ ቦታው ግን ሁለተኛ ነው። ከእሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ አለ፦ ዛሬ ያነጋገርነው ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ካንሰር ቢይዘው ማን ይነግረናል? ለዚህ መልስ ያለው ጥናት በ50 ሺህ ሰው ብዙ ይሠራል። መልስ የሌለው ግን ግማሽ ሚሊዮን ሰው ቢመዘግብም የመጠይቅ ክምር ይዞ ይቀራል።

ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማነጻጽረው በዚህ መስፈርት ነው። ንጽጽሩ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ በሽታ ልያዝ፤ የምግብ ቧንቧ ካንሰር። ከአርሲና ከባሌ አካባቢ ምግብ መዋጥ አቅቷቸው ወደ አዲስ አበባ የሚላኩ ታማሚዎችን የትኛውም የጥቁር አንበሳ ሐኪም ያውቃቸዋል። በሽታው ከኢትዮጵያ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ እስከ ማላዊ በሚወርደው የምሥራቅ አፍሪካ መስመር ጎልቶ ይታያል። ስንት ሰው ይይዛል? ለምን ይይዛል? በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

"ስንት" እና "ለምን" አንድ መሣሪያ አይጠይቁም

ብዙ ፕሮፖዛል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጥናት "የካንሰር ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች" የሚል ርእስ ይይዝና ሁለቱንም በአንድ ዳታ ለመመለስ ይሞክራል። ለስርጭቱ የሚያስፈልገው የአንድ አካባቢ ነዋሪ በሙሉ ወይም እሱን በትክክል የሚወክል ናሙና ነው። ለመንስኤው ግን ውክልና ያን ያህል ግዴታ አይደለም። በጥናቱ ውስጥ የሚያጨሱም የማያጨሱም፣ ትኩስ የሚጠጡም ለብ ያለ የሚጠጡም በበቂ ቁጥር ካሉና ክትትሉ ለሁሉም እኩል ከሆነ ማነጻጸር ይቻላል።

ለዚህ ዩኬ ባዮባንክ ከተባለው የብሪታንያ ትልቅ የጤና ክትትል ጥናት የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ከ2006 እስከ 2010 ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆኑ 500 ሺህ ያህል ሰዎችን መዝግቧል። ለዚህ ግን ከ9 ሚሊዮን ለሚበልጡ ሰዎች የግብዣ ደብዳቤ ተልኮ ነበር፤ የመጡት 5.5 በመቶ ብቻ ናቸው። የመጡት ደግሞ ከቀሩት ይልቅ ጤነኞች፣ የተሻለ ኑሮ ያላቸውና ብዙም የማያጨሱ ሆነው ተገኙ። ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 74 ባሉት ተሳታፊዎች ላይ የካንሰር ክስተት (በአዲስ የሚያዙ ሰዎች መጠን) ከአገሪቱ አጠቃላይ ሕዝብ በወንዶች 11.8፣ በሴቶች 18.1 በመቶ ያንሳል። ስለዚህ "በብሪታንያ ካንሰር ስንት ሰው ይይዛል?" ብሎ ዩኬ ባዮባንክን የሚጠይቅ ሰው የተሳሳተ መልስ ይዞ ይወጣል። "ማጨስ ወይም ውፍረት የትኛውን ካንሰር ያባብሳል?" ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥሩ መልስ ያገኛል።

ጥያቄያችሁ "ስንት" ከሆነ፦ የካንሰር ምዝገባ

እዚህ ብዙ ማመንታት አያስፈልግም። ሆስፒታል ውስጥ የታዩትን ታማሚዎች መቁጠር ስርጭትን አይነግርም፤ የሚነግረው ማን ሆስፒታል እንደደረሰ ነው። የሚያስፈልገው ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ የካንሰር ምዝገባ ነው፤ ማለትም በአንድ በተከለለ አካባቢ የሚኖር ሰው ካንሰር እንዳለበት ሲታወቅ፣ በመንግሥት ሆስፒታልም ሆነ በግል ክሊኒክ ወይም በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ይታወቅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚቆጥር ሥርዓት።

የአዲስ አበባው ምዝገባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተቋቁሞ በ2011 ሥራ ጀመረ። በሴቶች የጡት ካንሰር አንደኛ፣ የማኅፀን በር ካንሰር ሁለተኛ መሆኑን በግምት ሳይሆን በቆጠራ የምንናገረው በእሱ ምክንያት ነው። ነገር ግን ሁለት ገደቦች አሉት፤ ዳታውን የሚጠቀም ሰው ሁለቱንም በጽሑፉ ውስጥ መግለጽ አለበት።

የመጀመሪያው ከታች ያለው ቁጥር ነው። የክስተት መጠን ማለት አዲስ ታማሚዎቹን ለነዋሪው ብዛት ማካፈል ነው። ታማሚዎቹን ምዝገባው ያውቃቸዋል፤ ነዋሪውን ግን ማን ቆጠረው? በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ2007 ነው። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀምበት ሁሉ ትንበያ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ በየዓመቱ ሰው የሚጎርፍባት፣ ዳር ዳሯ የሚሰፋ ከተማ ናት። ትንበያው በ20 በመቶ ቢያንስ የክስተት መጠኑ በ25 በመቶ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በሽታው ግን ቅንጣት አልጨመረም። የብዙ ዓመት ለውጥ ለማሳየት የሚፈልግ ሰው ይህን ሳይነካ ካለፈ የሚያሳየን የበሽታውን ሳይሆን የትንበያውን ለውጥ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ገደብ፣ አዲስ አበባ ኢትዮጵያ አይደለችም። ከአርሲ ተነስቶ ጥቁር አንበሳ የታከመ ገበሬ የአዲስ አበባ ነዋሪ ስላልሆነ በከተማዋ የክስተት መጠን ውስጥ አይገባም፤ መግባትም የለበትም። ስለዚህ ምዝገባው በትክክል በመሥራቱ የተነሳ የአርሲን ችግር አያሳየንም። በየዓመቱ የሚጠቀሱት፣ ግሎቦካን የተባለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ግምት የሚያወጣቸው የአገር ግምቶችም ካሉት ጥቂት ምዝገባዎች ተነስተው በስሌት የተዘረጉ ናቸው። ለጥናት መግቢያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ፤ የክልሎችን ልዩነት ለማጥናት ግን አይሆኑም።

ለልምምድ ወይም ለዘዴ ጥናት ዳታ የሚፈልግ ተማሪ የአሜሪካውን የሲር ምዝገባ ይመልከት። ከ1973 ጀምሮ ያለ ነው፤ ስምምነት ፈርመው ያለ ክፍያ የሚያገኙት ሲሆን የራሱ የትንተና ሶፍትዌርም አለው። የሚያጨስና የማያጨሰውን ግን አይለይም፤ እንደ ማንኛውም ምዝገባ ስለ አኗኗር ዝም ነው።

ጥያቄያችሁ "ለምን" ከሆነና ጊዜም ገንዘብም ካላችሁ፦ የራስ ኮሆርት

ጤነኛ ሰዎችን መዝግቦ፣ አኗኗራቸውን ጠይቆ፣ ደማቸውን አስቀምጦ፣ ከዚያ ዓመታት ቆጥሮ ማን እንደታመመ ማየት። ትልቁ ጥቅሙ ጥያቄው ከበሽታው በፊት መጠየቁ ነው። የታመመ ሰው "ድሮ ምን ትበላ ነበር?" ሲባል ሕመሙን ለማስረዳት ያስታውሳል፤ ጤነኛው ግን ገና ምንም የሚያስረዳው ነገር የለውም።

ለእኛ አንባቢ ከሁሉም የሚቀርበው ምሳሌ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ አይመስለኝም። በሰሜን ምሥራቅ ኢራን የሚገኘው የጎለስታን ኮሆርት ነው። አካባቢው በምግብ ቧንቧ ካንሰር በዓለም ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው፤ ነዋሪው በአብዛኛው ገጠሬ፣ ብዙው ቱርክመን፣ መጠጥ እምብዛም የማይቀመስበት፣ ሻይ ግን ቀኑን ሙሉ የሚጠጣበት። ከ2004 እስከ 2008 ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 75 የሆኑ 50,045 ሰዎች ተመዘገቡ።

ሻዩን እንዴት እንደለኩት በዝርዝር ማየት ይገባል። "ሻይ ትኩስ ነው ወይስ ለብ ያለ የሚጠጡት?" ብለው አልተውትም። ጠያቂው ሁለት ስኒ ይቀዳል፤ በአንዱ ቴርሞሜትር ይገባል፣ ሌላው ለተሳታፊው ይሰጣል። ሙቀቱ 75 ዲግሪ ሲደርስ ተሳታፊው ፉት ብሎ "ሁልጊዜ የምጠጣው እንዲህ ነው" ወይም "አይ፣ ይህ ለእኔ በጣም ያቃጥላል" ይላል። ካልሆነ አምስት ዲግሪ እስኪወርድ ይጠበቃል፤ እንደገና ፉት። በዚህ መንገድ "ትኩስ" የሚለው ቃል ከሰው ሰው መለያየቱ ቀርቶ ቁጥር ሆነ። እስከ 2017 በተደረገው ክትትል ስኳመስ የተባለው ዓይነት የምግብ ቧንቧ ካንሰር 317 ሰዎችን ይዞ ነበር። 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚጠጡት ከሌሎቹ ይልቅ አደጋቸው በ41 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ትኩሱን በቀን 700 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የሚጠጡት ላይ ደግሞ፣ ለብ ያለውን ከዚያ ባነሰ መጠን ከሚጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በ90 በመቶ።

አሁን ወደ መስፈርታችን። ጎለስታን ውስጥ ማን ነው የነገራቸው? በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ስልክ ይደወላል። ሰው ሞተ ወይም ታመመ ከተባለ ቡድን ቤቱ ድረስ ይሄዳል፤ ቤተሰቡን ያነጋግራል፣ የሆስፒታል ማስረጃ ይሰበስባል፣ ሁለት ሐኪሞች ሳይመካከሩ ምክንያቱን ይወስናሉ፣ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይገባል። በዚህ ላይ የክልሉ የካንሰር ምዝገባ አለ። ከክትትል የጠፋው ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነው። ውድ ማሽን አልነበረም፤ ስልክ፣ መኪና እና ትዕግሥት ነበር።

ሌሎች አገሮች ይኸው ጥያቄ በተለያየ መንገድ ተመልሶላቸዋል። በሂሮሺማና በናጋሳኪ ከ1950 ጀምሮ 120 ሺህ ያህል ሰዎችን የሚከታተለው ጥናት በጃፓን የቤተሰብ መዝገብ ላይ ተደግፏል፤ ሰው በጃፓን የትም ቢሞት መዝገቡ ያውቃል። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል በ1951 ለእንግሊዝ ሐኪሞች ስለ ማጨስ መጠይቅ ሲልኩ ሐኪሞችን የመረጡት የተማሩ ስለሆኑ ብቻ አልነበረም፤ ሐኪም የሥራ ፈቃድ መዝገብ ስላለው ሲሞት ስለሚታወቅም ጭምር ነው። በ1954 የመጀመሪያውን ውጤት ሲያወጡ በእጃቸው የነበረው የሳንባ ካንሰር ሞት 36 ብቻ ነበር። አቅጣጫውን ለማየት ግን በቂ ሆነ፤ ምክንያቱም አጫሾችን ካላጫሾች የሚለየው ልዩነት ግዙፍ ነበር።

በኢትዮጵያ ቢሆንስ? ሒሳቡን ላሳይ። ጎለስታን በዓለም ቀደምት ከሆኑት አካባቢዎች በአንዱ ሆኖ፣ በ50 ሺህ ሰው፣ አሥር ዓመት ያህል ጠብቆ 317 ታማሚ አገኘ። ክስተቱ የዚያ ሲሶ በሆነ ቦታ ተመሳሳይ ቁጥር ለማግኘት 150 ሺህ ሰው ለተመሳሳይ ጊዜ መከታተል ያስፈልጋል። ለማስተርስ ቲሲስ ቀርቶ ለፒኤችዲም አይሆንም። "ኮሆርት ከሁሉም ጠንካራው ዲዛይን ነው" የሚለውን ከክፍል ይዞ ወጥቶ የሁለት ዓመት የካንሰር ኮሆርት የሚያቅድ ተማሪ ካለ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚያገኘው ቀድሞውኑ ታመው ያልታወቀላቸውን ነው። ይህ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ መዋጥ ሲያቅተው ትኩስ ነገር የተወ ሰው "ለብ ያለ የሚጠጣ" ተብሎ ይመዘገባል፣ ከስድስት ወር በኋላ ካንሰሩ ይታወቃል፣ ለብ ያለ መጠጥ ካንሰር ያመጣ ይመስላል። ትልልቆቹ ኮሆርቶች የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ዓመታት ታማሚዎች አውጥተው እንደገና የሚያሰሉት ለዚህ ነው።

ጊዜ ከሌላችሁ፦ ሌላው የሰበሰበውን ዳታ መጠየቅ

ለብዙ ወጣት ተመራማሪ እውነተኛው ምርጫ ይህ ነው። ሰዎቹ ተመዝግበዋል፣ ዓመታቱ አልፈዋል፣ ታማሚዎቹ ታውቀዋል። የሚቀረው ማመልከቻ ነው። ነገር ግን ከየትኛው?

ዩኬ ባዮባንክ ከ2012 ጀምሮ ለየትኛውም አገር ተመራማሪ ክፍት ነው። ተሳታፊዎቹ ከአገሪቱ የካንሰርና የሞት መዝገብ ጋር በጤና አገልግሎት ቁጥራቸው ተያይዘዋል፤ የዘረመል መረጃም አለው። ክፍያ አለው፤ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚያመለክቱ ይቀነሳል። ትንተናው በራሱ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ስለሚሠራ ዳታውን ላፕቶፕ ላይ ጭኖ መሄድ የለም፤ የኮምፒውተር ሰዓትም ይከፈልበታል። ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ቢሮ ያለ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

ኢፒክ የተባለው ጥናት በአሥር የአውሮፓ አገሮች ከ520 ሺህ በላይ ሰዎችን በ1990ዎቹ መዝግቧል። የተነደፈው ለምግብና ለካንሰር ነው፤ ከኖርዌይ እስከ ግሪክ ያለው የአመጋገብ ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ስለ ፋይበር፣ ስለ ሥጋ፣ ስለ አልኮል ለሚጠይቅ ሰው ከዩኬ ባዮባንክ የተሻለ ነው። ዳታው የሚገኘው ግን በአብዛኛው ከማዕከላቱ ጋር በመተባበር ነው፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ይቸገራል።

የአሜሪካው ፒኤልሲኦ በመሠረቱ የካንሰር ልየታ ሙከራ ነበር፤ 155 ሺህ ያህል ሰዎች፣ ከ1993 እስከ 2001 የተመዘገቡ። ዳታው በአጭር ፕሮፖዛል ያለ ክፍያ ይሰጣል። ለተማሪ ከሁሉም የቀለለው በር ይኸኛው ይመስለኛል።

ሚሊዮን ዊሜን የተባለው የብሪታንያ ጥናት ስሙን ያሟላል፤ ለጡት ምርመራ የተጠሩ 1.3 ሚሊዮን ሴቶች ናቸው። በ2003 ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮጅን የተቀላቀለበት የማረጥ ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች የጡት ካንሰር አደጋቸው እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ወንዶች የሉበትም፤ ያ ለእኛ ጥያቄ ብዙ ይቀንሰዋል።

የምግብ ቧንቧ ካንሰርን ይዘን ስንመጣ ግን ዩኬ ባዮባንክም ኢፒክም ይወድቃሉ። በብሪታንያና በሰሜን አውሮፓ ብዙ የሚታየው አዴኖካርሲኖማ ነው፤ ከውፍረትና ከጨጓራ አሲድ መመለስ ጋር የሚያያዘው። ከአርሲ የሚመጣው በአብዛኛው ስኳመስ ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት በሽታዎች ናቸው። ግማሽ ሚሊዮን ሰው ያለበት ዳታ ለጥያቄያችን የሚሰጠው መልስ ከጎለስታን 50 ሺህ ያነሰ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀረው ቻይና ነው። የቻይና ካዱሪ ባዮባንክ ከ2004 እስከ 2008 በአምስት የከተማና በአምስት የገጠር አካባቢዎች ከ512 ሺህ በላይ ሰዎችን መዝግቧል፤ ስኳመስም በብዛት አለው። በ2018 ስለ ትኩስ ሻይ ያወጡት ውጤት ከጎለስታን ጋር ሲታይ ግራ ያጋባል። በጣም የሚያቃጥል ሻይ በየቀኑ የሚጠጡና በቀን 15 ግራምና ከዚያ በላይ አልኮል የሚወስዱ ሰዎች አደጋቸው አምስት እጥፍ ያህል ሆነ። ከሚያጨሱት ጋር ሲደመር ሁለት እጥፍ። አልኮልም ትምባሆም የሌለባቸው ሻይ ጠጪዎች ላይ ግን ጭማሪ አልታየም።

ማንን እንመን? ሁለቱም በደንብ የተሠሩ ናቸው፤ ግን የለኩት አንድ አይደለም። ቻይና ውስጥ ሙቀቱ የተጠየቀው በቃል ነው፦ ለብ ያለ፣ ትኩስ፣ የሚያቃጥል። ጎለስታን ቴርሞሜትር ነበር። በቃል የተለካ ነገር ደካማ ግንኙነትን ያደበዝዛል። በሌላ በኩል የቻይናው ቁጥር ከፍተኛ ስለሆነ አልኮልንና ሻይን ለያይቶ ማየት ችሏል፤ መጠጥ በማይጠጣበት ጎለስታን ያን ማየት አይቻልም። ለአርሲና ለባሌ የትኛው ይቀርባል ብትሉኝ ጎለስታን እላለሁ፤ አልኮል በማይዘወተርበት፣ ትኩስ ነገር ግን በሚዘወተርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ያለው ጥያቄ እሱ ነው። አረቄ በብዛት የሚጠጣበትን አካባቢ የሚያጠና ሰው ቻይናን ያስቀድም።

ካዱሪ ሌላው የሌለው አንድ ጥቅም አለው። ብዙ ቻይናውያን አልኮል ሲጠጡ ፊታቸውን የሚያቀላና የሚያሳምማቸው የዘረመል ዓይነት ስላላቸው ብዙም አይጠጡም። ዘረመል በኑሮ ደረጃ ወይም በትምህርት አይቀየርም፤ ስለዚህ ጠጪውን ከማይጠጣው በአኗኗሩ ሳይሆን በውልደቱ ማነጻጸር ይቻላል። በዚያ ላይ በየሳምንቱ የሚጠጡት ከወንዶች ሲሶ ያህል ሲሆኑ ከሴቶች 2 በመቶ ብቻ ናቸው። ዘረመሉ ራሱ ካንሰር የሚያመጣ ቢሆን በሴቶቹም ላይ በታየ ነበር። ወንዶቹ ላይ ታይቶ ሴቶቹ ላይ ካልታየ ጥፋቱ የመጠጡ ነው። ለመንስኤ ጥያቄ ከዚህ የበለጠ የሚያረካ ማስረጃ ያለ ሙከራ ማግኘት ከባድ ነው።

ጊዜም ገንዘብም ውስን ሆኖ የራሳችሁን ሕዝብ ማጥናት ከፈለጋችሁ፦ ኬዝ ኮንትሮል

ኬዝ ኮንትሮል ማለት የታመሙትን ካልታመሙ ማነጻጸሪያዎች ጋር አድርጎ ስለ ድሮ አኗኗራቸው መጠየቅ ነው። ይህን ዘዴ ዝቅ አድርጎ ማየት ልማድ ሆኗል። ማጨስ ከሳንባ ካንሰር ጋር መያያዙን ዶልና ሂል መጀመሪያ ያሳዩት ግን በ1950 በለንደን ሆስፒታሎች በሠሩት ኬዝ ኮንትሮል ነው፤ የሐኪሞቹ ኮሆርት የመጣው ለማረጋገጥ ነው። ብዙ በማይከሰት በሽታ ላይ፣ መዝገብ በሌለበት አገር፣ ሰው ታሞ ራሱ ስለሚመጣ "ማን ይነግረናል?" የሚለው ጥያቄ እዚህ ቀድሞ ተመልሷል።

ችግሩ ወደ ሌላው ወገን ይዞራል፦ ማነጻጸሪያው ማን ነው? ጥቁር አንበሳ ላይ ቆመን እናስብ። ታማሚው ከአሰላ ወይም ከሮቤ ሪፈር ተጽፎለት የመጣ ነው። ማነጻጸሪያ ሲፈለግ ቀላሉ ከጎን ያለው ዋርድ ነው፤ እግሩ ተሰብሮ የተኛ የአዲስ አበባ ሹፌር። ስለ ጫት፣ ስለ ትኩስ ገንፎ፣ ስለ ማገዶ ጭስ ይጠየቃሉ፤ ሁሉም ነገር "ተያያዥ" ሆኖ ይወጣል። የተነጻጸረው ግን ካንሰር ያለበትና የሌለበት ሰው ሳይሆን አርሲና አዲስ አበባ ነው። ማነጻጸሪያው "ይህ ሰው በዚህ ካንሰር ቢያዝ ኖሮ እዚሁ ሆስፒታል ይመጣ ነበር" የሚባልለት መሆን አለበት። ከዚያው ወረዳ በሌላ ሕመም ሪፈር የመጣ ሰው፣ ወይም ቀበሌው ድረስ ሄዶ የሚመረጥ ጎረቤት። ታማሚውን ያጀበው ወንድም ግን አይሆንም፤ ከአንድ ድስት የበሉ ሰዎች ልዩነት አያሳዩም።

በጫትና በምግብ ቧንቧ ካንሰር ላይ 70 ያህል ታማሚዎችን ያካተተ የሙከራ ኬዝ ኮንትሮል ከኢትዮጵያ በ2017 ታትሟል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ፍርድ አይሰጥበትም፤ ሊሠራ እንደሚችል ግን አሳይቷል። በስፋት የሚታየው ሞዴል በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አስተባባሪነት በኤልዶሬት (ኬንያ)፣ በሞሺ (ታንዛኒያ) እና በብላንታየር (ማላዊ) የተሠራው ነው። አንድ ዓይነት መጠይቅ፣ ሦስት አገር፤ ኬንያ ላይ በጣም ትኩስ መጠጥ የሚወዱ ሰዎች አደጋ ከፍ ብሎ ታይቷል። ያንኑ መጠይቅ ወስዶ አርሲ ላይ መሥራት አዲስ መጠይቅ ከመፍጠር እጅግ ይሻላል፤ ውጤቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላልና። ሙቀትን በቴርሞሜትር መለካት ከተቻለ ደግሞ ይለካ። ኤጀንሲው በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥን ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው ብሎ ስለመደበ፣ የማንኛውም አዲስ ጥናት ቁጥር ከዚያ መስመር ጋር መነጻጸሩ አይቀርም።

ለታማሚው የማስታወስ ችግር መፍትሔው ግማሽ ነው። ያለፈው ወር ሳይሆን "ምግብ መዋጥ ከማቃቱ አምስት ዓመት በፊት" ተብሎ ይጠየቅ፤ ለማነጻጸሪያውም ያው ጊዜ። ሌላው የሚረሳው ነገር ፍጥነት ነው። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ታማሚ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፤ ለሁለተኛ ቀጠሮ ላይደርስ ይችላል። ጠያቂው ኢንዶስኮፒ ክፍሉ በር ላይ መኖር አለበት።

በመሃል ያለው መንገድ

በኮሆርት ውስጥ የሚሠራ ኬዝ ኮንትሮል አለ፤ የሁሉንም ደም ከመመርመር ይልቅ የታመሙትንና ጥቂት ማነጻጸሪያዎችን ብቻ ከማቀዝቀዣ አውጥቶ መመርመር። አፍሪካ ውስጥ ይህን በግልጽ ያሳየው ሥራ በዩጋንዳ ዌስት ናይል ነው። ከ1972 እስከ 1974 ከ42 ሺህ ሕፃናት ደም ተወሰደ፣ ተቀመጠ። ከዓመታት በኋላ 14ቱ በርኪት ሊምፎማ በተባለ የሕፃናት ካንሰር ተይዘው ተገኙ። ደማቸው ከመታመማቸው በፊት ምን ይመስል እንደነበር ሲታይ በኤፕስታይን ባር ቫይረስ ላይ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ከሌሎቹ ሕፃናት ከፍ ያለ ነበር። አሥራ አራት ልጆችን ለማግኘት 42 ሺህ መርፌ! ይህ ሁሉ የተደረገበት ግን ምክንያት ነበረው፤ ደሙ ከሕመሙ በኋላ ተወስዶ ቢሆን ቫይረሱ ቀድሞ መምጣቱን ማንም ማረጋገጥ ባልቻለ ነበር።

እስራኤል ያሉ አንባቢዎች ሌላ አማራጭ አላቸው። የአገሪቱ የካንሰር ምዝገባ ከ1960 ጀምሮ አለ፤ ሪፖርት ማድረግ ከ1982 ጀምሮ ግዴታ ነው። ከኢትዮጵያ የሄደው ማኅበረሰብ እዚያ ከተወለዱ ልጆቹ ጋር ሊነጻጸር ይችላል፤ ዘረመሉ አንድ ሆኖ ኑሮው ሲቀየር ምን እንደሚለወጥ ለማየት። ለጡት ካንሰር ጥሩ ነው። ለምግብ ቧንቧ ግን ቁጥሩ ያንሳል፤ ማኅበረሰቡም በአብዛኛው ከጎንደርና ከትግራይ የሄደ ስለሆነ የአርሲን ጥያቄ አይመልስም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ኮሆርት መጀመር ለሚፈልግ ቡድን

ተማሪ ሳይሆን ተቋም ከሆናችሁ፣ የአሥርና የሃያ ዓመት ፈንድ የሚያስብ ሰው ካላችሁ፣ ከባዶ አትነሱ። ቡታጅራ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤት ለቤት ልደትና ሞት ሲመዘገብባት ኖራለች። ግልገል ጊቤ፣ ዳባትና ቀርሳም ተመሳሳይ የክትትል ጣቢያዎች አሏቸው። በእንዲህ ያለ ቦታ "ማን ይነግረናል?" ለሚለው ጥያቄ ግማሽ መልስ ቀድሞ አለ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ በመቃብር ቦታዎች ሞትን የመመዝገብ ሥራ ተሠርቷል፤ ሰው የሞት ሰርተፊኬት ሳያወጣ ይቀበራል፣ ሳይቀበር ግን አይቀርም።

ቤተሰብን ጠይቆ የሞት ምክንያትን መለየት ለብዙ ካንሰሮች ደካማ ነው። የጉበትን ከሆድ፣ የሳንባን ከቲቢ መለየት ያስቸግራል። የምግብ ቧንቧ ካንሰር በአንጻራዊነት ዕድለኛ ነው፤ መጀመሪያ እንጀራ፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ በመጨረሻ ውኃ እንኳ አልወርድ ያለውን ሰው ቤተሰብ አይረሳውም።

የፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥር በየሆስፒታሉ ካርድ ላይ በስፋት ሲገባ ማያያዙ ይቀላል፤ እስከዚያው ግን መጠይቁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚጻፈው ነገር ይወስናል። የተሳታፊው ስልክ ብቻ አይበቃም፤ ሲም ይቀየራል። የልጁ ወይም የእህቱ ስልክ፣ የጎጡ ስም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልክ፣ እንዲሁም የእድሩ ስምና የጸሐፊው ስልክ ይግቡበት። ለእነዚህ ሰዎች እንደሚደወል ተሳታፊው በስምምነት ቅጹ ላይ በግልጽ ይፍቀድ፤ አይአርቢው (የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው) ይህን መጠየቁ አይቀርም፣ በኋላ ለማስፈቀድ መሞከር ደግሞ 150 ሺህ ቤት ሁለተኛ ዙር ማንኳኳት ነው።